ሩጫ በደማችን ነው

ኢትዮጵያዊ ሩጫ አይለማመድም። ምን በወጣው! አበበ ቢቂላ ተለማምዶለታል። ደራርቱ፣ ኃይሌ፣ ጥሩነሽ፣ ቀነኒሳ ተለማምደውለታል። እኛ ወራሾች ነን። ወራሽ ደግሞ ድርሻውን ይጠይቃል እንጂ ላብ አያፈስም።

ይህ እምነት ጎልቶ የሚታየው መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። አንዱ ከሻይ ሰዓት ሲመለስ "ዘንድሮ የሐዋሳን ግማሽ ማራቶን ለምን አንሮጥም?" ይላል። ሐሳቡን የሚያመጣው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ አይሮጥም። ጉልበቱን ያመዋል። ወዲያው የቴሌግራም ግሩፕ ይከፈታል። ለግሩፑ ስም ሲፈለግ ግማሽ ቀን ይሄዳል። የእኛው በምሩጽ ይፍጠር ቅጽል "ማርሽ ቀያሪዎቹ" ተባለ። ከዚያ የቲሸርት ቀለም ላይ ክርክር ተነሣ። ሁለት ሰዎች ተኮራርፈው ከግሩፑ ወጡ። ርቀቱ 21 ኪሎ ሜትር ከ97 ሜትር ተኩል መሆኑን ያነሣ ግን አልነበረም።

በየቢሮው አንድ ሳይንቲስት አይጠፋም። የእኛው ሒሳብ ክፍል ነው ያለው። "ጓዶች፣ አታስቡ" አለን። "አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ሐዋሳ 1,700 ገደማ ናት። ከደጋ የወረደ ሳንባ እዚያ እንደ ልቡ ነው። እንበራለን!" አጨበጨብንለት። ስለ አየሩ የተናገረው እውነት ነበር። ስለ ፀሐይዋ ግን ያለው ነገር የለም። ደግሞ ይኸው ሳይንቲስት ሊፍት የተበላሸ ቀን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቆሞ ስልክ የሚያወራ የሚመስል ሰው ነው። ስልኩ ግን ጠፍቶ ነው የሚገኘው።

እውነተኞቹ ሯጮች ምን እንደሚያደርጉ ለማየት በሌሊት ወደ ሱሉልታ ወይም ሰንዳፋ መውጣት ነው። ገና ሳይነጋ በሰርቪስ ይደርሳሉ። አንድ ቀን ጫካ፣ አንድ ቀን ኮሮኮንች፣ አንድ ቀን አስፋልት ይሮጣሉ። በብርድ፣ በጭቃ፣ በዝምታ። ከዚያ ቤታቸው ገብተው ይተኛሉ። ሥራቸው በአጭሩ ሁለት ነው፦ መሮጥና ማረፍ። እኛ ሁለተኛውን በደንብ ይዘነዋል።

የእኛ ዝግጅት የሚጀምረው ከጫማ ነው። መርካቶ ውስጥ ሻጩ ጫማውን እንደ ዳቦ ጎንበስ ቀና እያደረገ "ይሄ ኃይሌ ሲያደርገው የነበረው ነው" ይላል። "የቱ ውድድር ላይ?" ብለህ ብትጠይቅ "ሁሉም ላይ" ነው መልሱ። ጫማው ተገዝቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ግሩፑ ላይ ተለጥፎ፣ እሳት የሚነድ ምልክት ከተደረደረበት በኋላ ሩጫው ራሱ ትንሽ ይቀላል። ግማሹን የጨረስክ ይመስልሃል።

ከዚያ ልምምዱ ይመጣል። በ11 ሰዓት ተነሥተህ ዱብ ዱብ ልትል ትወጣለህ። የሠፈር ውሾች ይጠብቁሃል። በዓለም ላይ እንደ አዲስ አበባ ውሻ የፍጥነት ልምምድ የሚሰጥ አሰልጣኝ ያለ አይመስለኝም። ክፍያ አይጠይቅም። ችግሩ ልምምዱ 200 ሜትር ላይ ማለቁ ነው። በማግሥቱ ዝናብ ይጥላል። ከዚያ ለቅሶ አለ። ከዚያ የአክስት ልጅ ሠርግ አለ። ከሠርግ ደግሞ መልስ አለ። ዕድር የቀረ ሰው ይቀጣል። ልምምድ የቀረን የሚቀጣ የለም። ቅጣት የሌለው ነገር ደግሞ እኛ ዘንድ አይጸናም።

ልምምዱ ቢቀንስም ምክሩ አይጎድልም። ልትሮጥ ነው መባሉ ከተሰማ አገሩ ሁሉ አሰልጣኝህ ነው። አንዷ "በሶ በጥብጠህ ጠጣ" ትልሃለች። ሌላዋ ተልባ። ሦስተኛዋ አብሽ። የሥጋ ቤቱ ሰውዬ "ክትፎ ነው ኃይል" ይላል፤ ምን ሊል ኖሯል? ጎረቤታችን ጋሼ ደግሞ ጫማዬን አይተው ከልባቸው አዘኑ። "አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አይደል እንዴ ሮምን ያንቀጠቀጠው!" አሉኝ።

እውነት ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም፣ ልክ በዋዜማችን፣ 42 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰው። በጊዜው ከዚያ የፈጠነ አልነበረም። ባዶ እግሩን የማያስታውስ ሰው የለም። ከሮም በፊት ስዊድናዊው አሰልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ያለማመደውን ልምምድ ግን ቡና ላይ የሚያነሣው አላጋጠመኝም። የኃይሌም እንዲሁ ነው። ልጅ ሳለ ትምህርት ቤት ለመድረስ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ እንደነበር ሁላችንም በኩራት እናወራለን። የምናወራው ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን ነው።

ቅዳሜ ወደ ሐዋሳ ወረድን። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውቶብሱ ውስጥ ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ እስክስታ ተመታ። የወቅቱ ረጅሙ ልምምዳችን ያ ነበር። እንደደረስን ቀጥታ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው ጋ። ሐዋሳ ሄዶ ዓሣ ሳይበሉ መመለስ ነውር ነው። የተጠበሰው መጣ፣ ሾርባው መጣ። ከዚያ አንዱ ጀግና "ወንድ ከሆናችሁ ጥሬውን!" አለ። ጥሬ ዓሣ ከዳጣ ጋር እጅግ ይጣፍጣል። በነገታው 21 ኪሎ ሜትር የማይሮጥ ሰው ሊበላው የሚገባ ምግብ ነው። ቢራም ተከተለ። ሳይንቲስታችን "ገብስ ነው፣ ካርቦሃይድሬት ነው" ብሎ ባረከው። ዙሪያችንን አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ቆመዋል። ራሰ በራ፣ ጎባጣ፣ ዝምተኛ። የዓሣ ትርፍራፊ ነው የሚጠብቁት። እኔን ግን ትንሽ ጠጋ ብለው ያዩኝ መሰለኝ።

እሑድ ጠዋት መነሻው ላይ ሰው ሁሉ ሰውነቱን ያሟሙቃል፤ ማለት ፎቶ ይነሣል። ፊት ለፊት አትሌቶቹ ቆመዋል። ቀጫጭን፣ ቁምነገረኛ፣ ከማንም ጋር የማያወሩ። ለመጠን እንዲሆነን፦ ዮሚፍ ቀጀልቻ በ2024 እ.ኤ.አ. ቫሌንሺያ ላይ ግማሽ ማራቶንን በ57 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሮ ነበር። አንዱን ኪሎ ሜትር በ2 ደቂቃ ከ44 ሰከንድ ገደማ ማለት ነው፣ ሃያ አንድ ጊዜ፣ ሳይቆም። በሥራ መውጫ ሰዓት 57 ደቂቃ ከሜክሲኮ ጀሞ አያደርስም።

ተኩሱ ሲሰማ ሕዝቡ ተፈተለከ። ሌባ የሚያባርር ነው የሚመስለው። ከጎኔ የነበረው ልጅ ግራ እጁን አጠፍ አድርጎ ደረቱ ላይ ለጥፏል። ኃይሌ ያን አጣጥፍ ያመጣው ደብተር ይዞ ትምህርት ቤት ሲሮጥ ነው ይባላል። ይህ ልጅ ደብተር ይዞ እንደማያውቅ አሯሯጡ ይመሰክራል። ግን አጣጥፏል። ዙሪያዬን ሳይ ብዙ ሰው ግራ እጁን አጥፏል። የኃይሌን እጅ ወርሰናል። እግሩ ነው ያልደረሰን።

የመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች መቼም ደስ ይላሉ። "ወይኔ! ለካ እኔ አትሌት መሆን ነበረብኝ!" ያላልኩበት ደቂቃ የለም። ቀጥሎ ፀሐይዋ ወጣች። ቀጥሎ ዳጣው ተነሣ። ስለ ዳጣው ብዙ አልልም።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ዳር ክር የሚያስር ሰው በዛ። መራመድ ስለሚያሳፍር ሁሉም ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ያስራል። እኔ በበኩሌ አንዱን ክር ደጋግሜ ከማሰሬ የተነሣ ደም መዘዋወር አቆመ። አንዱ ጎኑን ይዞ ሐይቁን ያደንቃል። አንዷ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ "እሺ፣ እሺ፣ ገባኝ" ትላለች። የሒሳብ ክፍሉ ሳይንቲስት ትምህርት ከንቱ አልቀረም።

ባጃጆቹ ደግሞ አሉ። መንገድ የተዘጋባቸው የባጃጅ ሾፌሮች ጥግ ላይ ተደርድረው ያዩሃል። አንዱ ዝቅ ባለ ድምፅ "ብራዘር፣ ልውሰድህ? በውስጥ ለውስጥ አውቃለሁ" አለኝ። ሰው እንዲህ ተፈትኖ አያውቅም። ቆሎ የምትሸጥ እናት ደግሞ ከልቧ አዝና "ውይ ልጄን! ማን አባሮት ነው?" አለች።

ስንት ቀረ ብሎ መጠየቅ ደግሞ ሌላ መከራ ነው። እንደምታውቁት እኛ አገር መንገደኛን ተስፋ ማስቆረጥ ኃጢአት ነው። ገጠር ገብተህ "ከተማው ሩቅ ነው?" ብትል "እቺ ናት" ይሉሃል፤ ፀሐይ እስክትጠልቅ ትሄዳለህ። ሐዋሳም ያው ነው። ዘጠነኛው ኪሎ ሜትር ላይ "ደርሰሃል፣ በርታ!" ተባልኩ። አሥራ ሁለተኛው ላይም ደርሼ ነበር። አሥራ አምስተኛው ላይ አንድ ፖሊስ "እዚህች ኩርባ ጋ ናት" አለኝ። ከኩርባው ወዲያ ያለው ሌላ ኩርባ ነው። የሕፃናቱ ይሻላል። በነጠላ ጫማ እያንኳኩ ከጎኔ እየሮጡ "ገና ነው፣ ብዙ ነው!" ብለው እውነቱን የነገሩኝ እነሱ ብቻ ናቸው።

ከሁሉ ያደቀቀኝ ግን አንድ ሽበታም ሰው ናቸው። ከኋላዬ በሶምሶማ መጡ። ነጭ ቁምጣ፣ የደረቀ ባት፣ ከጥንት የቀረ ጫማ። እኔ እንደ ወናፍ እተነፍሳለሁ፤ እሳቸው በአፍንጫቸው። ቢቀድሙኝ ምንም አልነበረም። ከመቅደማቸው ማጽናናታቸው! "አይዞህ ልጄ፣ ቀስ በል፣ አትቸኩል" አሉኝ። ከዚያ የበለጠ ቀስ ማለት መቆም ነበር። ቆምኩ። ክሬን አሰርኩ።

ጨረስኩት፣ በመጨረሻ። እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም። አሸናፊዎቹ ከአንድ ሰዓት ትንሽ አለፍ ብሎ ገብተው፣ ተሸልመው፣ ልብስ ቀይረው፣ ቁርስ በልተው ኖሯል። ሜዳሊያ አንገቴ ላይ ያጠለቀችልኝ ልጅ "እንኳን ደስ አለህ" ብላ ወዲያው ድንኳኑን መንቀል ጀመረች። ሳይንቲስታችንን ያገኘሁት ሆቴሉ ደረጃ ላይ ነው፤ ወደ ኋላ እየሄደ ይወርዳል። "በዚህ በኩል ጡንቻው አይጎተትም" አለኝ። ሞከርኩት። ትክክል ነበር። ሰውየው እውቀት አለው።

ሰኞ ቢሮ ገባን። ያልሮጡት ስብሰባ ጠርተው ጠበቁን። ጉልበቱን የሚያመው ሐሳብ አመንጪ "ስሕተታችሁ የመጨረሻው ዙር ላይ ማርሽ አለመቀየራችሁ ነው" አለን። እኔ ሞተሩም እንዳልነበረኝ ለማስረዳት አቅም አጣሁ። ለከርሞ ሙሉውን ማራቶን ብንሮጥ የሚል ሐሳብ ቀረበ። በጭብጨባ አለፈ። የተቃወመ አልነበረም። ለመቃወም እጅ ማውጣት ያስፈልግ ነበር፤ እጅም ያማል ለካ።

ማታ ወደ ቤት ስገባ የግቢያችን ዘበኛ ሜዳሊያዬን አይተው ከወንበራቸው ተነሡ። ለነገሩ ከሸሚዜ በላይ አድርጌው ነበር።

"ስንተኛ ወጣህ ልጄ?" አሉኝ።

ቁጥሩን ነገርኳቸው። አራት አሐዝ አለው። ጥቂት ዝም አሉ። ነገሩ እንዴት እንዲህ ሊሆን እንደቻለ ከደማችን ጋር ሊያስታርቁት ሲሞክሩ ፊታቸው ላይ ይታያል። ከዚያ ፊታቸው ፈካ አለ።

"ኬንያዎቹ በዝተው ነበር እንዴ?"

"በጣም" አልኳቸው።

"እኔም ጠርጥሬ ነበር" አሉና በሩን ከፈቱልኝ።