ሞት የማይጸናባት ጎታም

ሰሞኑን አንድ የፊልም ውይይት ስከታተል፣ ከተወያዮቹ አንዱ እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2019 በአሜሪካው ፎክስ ቴሌቪዥን የታየውን፣ በባትማን ከተማ የተሰየመውንና ከባትማን በፊት ያለውን የሚተርከውን ድራማ፣ «ጎታም»ን፣ ያለ ወጉ የተወቀሰ ድንቅ ሥራ አድርጎ ሲያቀርበው ሰማሁ። «የኮሚክ ታሪክ ነው፤ አመክንዮ አይፈለግበትም፤ ደግሞም 100 ክፍል የዘለቀ ድራማ ወደቀ አይባልም» አለና ነገሩን ዘጋው። ሌሎቹም አንገታቸውን ነቀነቁለት።

100 ክፍል መዝለቁ ጣቢያው የአየር ሰዓቱን መሙላቱን ከመመስከር ያለፈ ፋይዳ የለውም። «ኮሚክ ነው» የሚለው ማመካኛ ግን ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ የሚሰደበው ኮሚኩ (በሥዕል የሚተረከው መጽሐፍ) ራሱ ነውና። ኤድ ብሩቤከርና ግሬግ ሩካ በ40 እትሞች ያስነበቡት ኮሚክ «ጎታም ሴንትራል» የዚያችኑ ከተማ መርማሪ ፖሊሶች ተከትሎ፣ ባትማንን ከጥላነት ብዙም ሳያሳልፍ፣ ደመወዝተኛ ፖሊስ በእብዶች ከተማ ውስጥ እንዴት እንደሚኖር የተረከ ነው። አመክንዮ ከኮሚክ አይጠበቅም የሚል ሰው ይህን አላነበበም፤ አንብቦም ከሆነ አላስተዋለም።

«ጎታም» ራሱ ምን መሆን ይችል እንደነበር በመጀመሪያው ክፍል አሳይቶናል። ቤን ማኬንዚ የሚጫወተው አዲሱ መርማሪ ጄምስ ጎርደን፣ ኦስዋልድ ኮብልፖትን እንዲገድል በማፍያው አለቃ በፋልኮኒ ታዝዞ ወደ ወደቡ ጫፍ ይወስደዋል። ባልደረባው ሃርቪ ቡሎክ ከኋላ ቆሞ ይመለከታል፤ ካልገደለው ለሁለቱም አይበጃቸውም። ጎርደን ወደ ጎታም ዳግም እንዳይመለስ አስጠንቅቆት፣ ሽጉጡን ከኮብልፖት ራስ አጠገብ ተኩሶ ወደ ውሃው ይገፈትረዋል። ገና ሥራ የጀመረ ሐቀኛ ፖሊስ ነፍስ ለማትረፍ ይዋሻል፤ ያተረፈው ሰው ደግሞ ነገ ከተማዋን የሚያምሰው ፔንግዊን ነው። ለአምስት ዓመት የሚበቃ ጭብጥ በዚያች አንዲት ጥይት ውስጥ ነበር።

ደራሲዎቹ ግን የራሳቸውን ሀብት አላወቁትም። በሁለተኛው ምዕራፍ ጎርደን ወንጀለኛውን ቴዎ ጋላቫንን በገዛ እጁ ተኩሶ ገደለው። ፍርድ ቤት ሊያስቀጣው ያልቻለውን ሰው በሽጉጥ የቀጣ ፖሊስ ከእንግዲህ ምን ይሆናል? የድራማው ትልቁ ጥያቄ ይህ ሊሆን በተገባ ነበር። የሆነው ግን ኋላ ሪድለር የሚባለው ኤድዋርድ ኒግማ፣ ጎርደንን ባልፈጸመው ሌላ ግድያ ወንጅሎ ወህኒ አስወረወረው፤ ቀጥሎም ዶክተር ሂዩጎ ስትሬንጅ የሞተውን ጋላቫንን ቀስቅሶ ጎራዴ አስታጠቀው። ሟቹ በእግሩ ቆሞ ከሄደ ገዳዩ ስለምን ይጸጸታል? የወንበዴዎች አለቃዋ ፊሽ ሙኒም ሞታ ተነሣች፤ እብዱ ወንጀለኛ ጄሮምም ሞቶ ተነሣ። ሬሳ በተነሣ ቁጥር የቀደመው ኀዘን ቀልድ እየሆነ ይሄዳል፤ እኛም አንድ ሰው በተገደለ ቁጥር ማዘናችንን ትተን መቼ እንደሚመለስ መቁጠር ጀመርን። ሌላዋ ገጸ ባሕርይ አይቪ ፔፐርማ እንዲያው ተዋናይት እየቀያየረች፣ በሦስት ሴቶች ተጫውታ ጨረሰች።

እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣውን፣ ያንኑ ፔንግዊንን የሚተርከውን ሌላ ድራማ፣ «ዘ ፔንግዊን»ን ያየ ሰው ልዩነቱ ይገባዋል። ስምንት ክፍል ብቻ ነው። በመጨረሻው ላይ ኦዝ (ፔንግዊኑ) እንደ ቤተሰብ የሚያየውን ቪክተርን አግዳሚ ወንበር ላይ በእጁ አንቆ ይገድለዋል፤ ቪክተርም ሞቶ ይቀራል። ይህም ከኮሚክ የተቀዳ ታሪክ ነው፤ አመክንዮ ግን አላነሰውም።

ሮቢን ሎርድ ቴይለር በ«ጎታም» ውስጥ የተጫወተው ፔንግዊን ግሩም እንደነበር አልክድም። አንድ ተዋናይ ግን የተሰነጠቀ ቤት ደግፎ አያቆምም። ኋላ ባትማን የሚሆነው ብሩስ ዌይን ገና ልጅ ሳለ፣ ጠላቶቹ ሪድለሩም፣ ሚስተር ፍሪዝም፣ ለጆከር የታሰቡት መንትዮችም ተሟልተው ከተማዋን ሲያነዷት፣ ጎርደንና ቡሎክ በተራ ሽጉጥ እየተጋፈጡ ሲመልሷቸው ካየን በኋላ፣ የሌሊት ወፍ ልብስ የለበሰ ሰው ለምን እንደሚያስፈልግ የሚያስረዳን አጣን። ቅድመ ታሪክ የሚጻፈው የሚመጣው ሰው እንዲናፈቅ ነበር።

ባትማንም ቢሆን የመጣው በመቶኛው ክፍል፣ አሥር ዓመት በአንድ ጊዜ ከተዘለለ በኋላ ነው። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ እንዲሉ፣ ለአምስት ዓመት ያልተሰናዳው ሁሉ በአንዲት ምሽት ተጣደፈ፤ የብሩስ ወዳጅ ሴሊና ካይልን የምትጫወተው በሌላ ተዋናይት ተተካች፤ ባትማን ለጥቂት ሰከንድ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ያ ወደብ ላይ ዋሽቶ ነፍስ ያተረፈው ጎርደንም ሪዝ አብቅሎ ቀረበን።