ይድረስ ለአቶ ስኬል (ሽቅብ ቁልቁል ለሚኬድብዎት የድምፆች መሰላል)፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ አቤቱታ ስለማቅረብ

ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? የእኔ አውራ ጣት ደህና አይደለም። ጃዝ ፒያኖ ላይ ሶሎ፣ ማለትም ዜማውን እዚያው እየፈጠርኩ፣ መጫወት አማረኝ ብዬ ከእርስዎ ጋር ከተዋወቅን ወዲህ በሌሎቹ ጣቶች ሥር ሲሽሎከለክ ነው የሚውለው።

አንደኛ ነገር፣ ስምዎ በዛ። ዲ ማይነር ሰቨን የሚባለው ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ሲመጣ ዶሪያን ነኝ ይላሉ። ጂ ሰቨን ላይ ሚክሶሊዲያን። ሲ ሜጀር ስንደርስ ደግሞ አዮኒያን። ኪቦርዱ ላይ ሲታይ ግን ሦስቱም ያው ሰባቱ ነጫጭ ቁልፎች ናቸው፤ አንዲት ጥቁር እንኳ አልተነካችም። በየቀበሌው መታወቂያ የሚያወጣ ሰው እንዲህ አይደፍርም! አልተርድ የሚባለውን ሌላ ስምዎንማ ተዉት። «ጂ አልተርድ» ተብሎ የሚፈራው፣ ውስጡ ሲፈተሽ ከሰባተኛው ኖታ የተጀመረ ኤ ፍላት ሜሎዲክ ማይነር የሚባለው ስኬል ነው። ሱፐር ሎክሪያን የሚል የክርስትና ስምም አለው።

እነ ማይልስ ዴቪስ፣ አሜሪካዊው የጃዝ ትራምፔት ተጫዋች፣ በ1959 እ.ኤ.አ. «ሶ ዋት» የተባለውን ሙዚቃ ሲቀዱ 32ቱን ባር (የምት ክፍል) በሁለት ስኬል ነው የጨረሱት፤ 24ቱ ዲ ዶሪያን፣ 8ቱ ኢ ፍላት ዶሪያን። በቃ። የእኛዎቹ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬም አምስት አምስት ድምፅ ይዘው ስንቱን አስለቅሰዋል፣ አዝማሪውም ቅኝቱን የያዘው ዘፈን እየሰማ እንጂ ሽቅብ ቁልቁል እየሮጠ አይደለም። እኔ ግን የእርስዎን ዘመድ አዝማድ ከ12ቱም መነሻ ድምፅ ሸምድጄ፣ ሶሎዬ ሲደርስ ከጣቴ የሚወጣው ያው ሽቅብ ቁልቁል ነው።

ዋናው ቅሬታዬ እዚህ ጋ ነው። የዲ ማይነር ሰቨን «ሲ» ግማሽ ድምፅ ብቻ ወርዳ የጂ ሰቨን «ቢ» ላይ ስታርፍ፣ ከዚያ የጂ ሰቨን «ኤፍ» እንደዚሁ የሲ ሜጀር «ኢ» ላይ ዝቅ ስትል፣ ጆሮ ራሱ እፎይ ይላል፤ ኮርዱ መቀየሩን ኮርዱን የሚመታው ግራ እጅ ባይኖርም ይሰማል። ዜማ የሚባለው ይኼው ነው። እርስዎ ግን እነዚህን ማረፊያዎች ከሰባቱ እኩል አሰልፈው፣ የትኛዋ ላይ መቆም እንዳለብኝ ሳይነግሩኝ ሩጥ ብቻ ይሉኛል። ኧረ በሕግ አምላክ!

ስለዚህ ከልምምዴ 15 ደቂቃ ብቻ ወስደው ቀሪውን ለኮርድ ኖታዎችና ለጆሮዬ እንዲለቁልኝ በትህትና አመለክታለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለአውራ ጣቴ
ለታች ቤት ጎረቤቴ (ሲ ሜጀርን ሳይማሩ በቃላቸው ላወቁት)
ምት ለሚቆጥረው መሣሪያ ለሜትሮኖም (የእርስዎ ፋይል ገና በመጣራት ላይ ነው)