ይድረስ የዜሮን ወንበር ለያዘችው ፊደል ኦ

ቁጥር፦ ኦ/0/17
ቀን፦ ሲስተም የመጣ ዕለት

ለክብርት የላቲን ፊደል ኦ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከሻንሲ ቁጥር (መኪናው ብረት ላይ ከሚመታው ባለ 17 ቦታ መለያ) ላይ እንዲነሡልን ስለመጠየቅ

መጀመሪያ «ክቡርነትዎ» ልንል አስበን ነበር፤ ቅርጽዎን አይተን «ክብነትዎ» ማለቱን መርጠናል።

አንድ ባለ 10 ጎማ ገልባጭ ከቻይና ተጭኖ፣ ጅቡቲ ወርዶ፣ በጋላፊና በሚሌ አድርጎ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ መጥቷል። ፍሬኑ ይይዛል፣ ፍሬቻው ያበራል፣ ስፖኪዮው አልተሰበረም። ቀረጡ ተከፍሏል፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱም ተገዝቷል። ይህ ሁሉ ሆኖ ሰሌዳ ሳያስር ግቢ ቆሟል። ምክንያቱ ክብነትዎ ነዎት።

ክብነትዎ፣ የሻንሲ ቁጥር ውስጥ ቦታ የለዎትም። 17ቱ ቦታዎች ላይ ኦ፣ አይ እና ኪው እንዳይገቡ የተከለከለው 0ንና 1ን ስለሚመስሉ ነው። ደረጃውን ያወጣው ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት፣ አይ.ኤስ.ኦ. ነው፤ ራሱ ስሙ ውስጥ ሁለት የተከለከሉ ፊደላት ይዞ መዞሩን ለጊዜው እንለፈው። አሥረኛው ቦታ ላይ፣ የሞዴል ዓመት በሚጻፍበት፣ ኤን 2022 ከሆነች በኋላ 2023 በቀጥታ ለፒ ተሰጥቷል። በተራዎ እንኳ ዘለውዎት ነው ያለፉት። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ይሏል እንዲህ ነው።

የሚወዱት ሰፈር የመጨረሻዎቹ 6 ቦታዎች ናቸው፤ ተራ ቁጥሩ እዚያ ስለሚጻፍ ዜሮ ይበዛል። አገባብዎንም ደርሰንበታል። ሻጩ ኢንቮይስ ሲያዘጋጅ ቁጥሩን በእጁ ይተይባል፤ ጣቱ ከዜሮ ዝቅ ይልና ኦ ላይ ያርፋል። ከዚያ የመርከብ ጭነት ሰነዱ፣ ቢል ኦፍ ሎዲንጉ፣ ከኢንቮይሱ ይገለበጣል (ስሙ ውስጥም አልጠፉም)፣ የጉምሩክ ሰነዱ ዲክላራሲዮን ከቢሉ፣ ኢንሹራንሱ ከዲክላራሲዮኑ። አራት ወረቀት አንድ አፍ ሆኖ ይመሰክርልዎታል። ብረቱ ብቻውን ይቀራል።

ለሰሌዳ በሚደረገው ምርመራ ቀን መርማሪው ቀኝ የፊት ጎማ አጠገብ ጎንበስ ይላል። ቁጥሩ ላይ ቀለም ተቀብቶበታል፤ በቲነር የነከረ ጨርቅ አሽቶ በስልኩ መብራት ያነባል። ወረቀቱን የያዘው ባልደረባው ይከተለዋል።

«ዜሮ፣ ዜሮ፣ አራት...»
«እዚህ ዜሮ፣ ኦ ነው የሚለው።»
«ብረቱ ዜሮ ይላል።»
«እኔ የማየው ወረቀቱን ነው።»

በቃ። ቲኑ፣ ንግድ ፈቃዱ፣ ኢንቮይሱ፣ ሁሉም ተጠቅልሎ ወደ ፌስታሉ ይመለሳል።

መርከቡ ጅቡቲ ሳይደርስ ብንደርስብዎት ኖሮ ሻጩ ለመርከብ ድርጅቱ ጽፎ ቢሉን ያስተካክል ነበር። ዲክላራሲዮን ከወጣ በኋላ ግን ወግ አለዎት። ማመልከቻ ይጻፋል፤ ኢንቮይሱ፣ ቢሉ፣ የብረቱ ፎቶና ቁጥሩ ላይ ተለጥፎ በእርሳስ የታሸ ወረቀት ይያያዛል፤ ፈታሽ ወጥቶ ብረቱን ያያል፤ ከዚያ የተስተካከለ ዲክላራሲዮን ይጠበቃል። ኢንሹራንሱ የሚታረመው ከዚህ በኋላ ነው። ቸኩሎ ኢንሹራንሱን ያስቀደመ ሰው ከዲክላራሲዮኑ ጋር የማይስማማ ሌላ ወረቀት ይዞ ይሰለፋል። መኪናው በብድር የተገዛ ከሆነ ባንኩም የራሱን መዝገብ ማረም አለበት፤ የባንኩን ደብዳቤ ለመጠበቅ ትዕግሥት ያስፈልጋል፣ ወይም ባንክ ውስጥ ዘመድ።

«ምን አስጨነቃችሁ፣ ብረቱን ትንሽ ግራይንደር አስነኩት» የሚል መካሪ አይጠፋም። የግራይንደር ጭረት ያለበት የሻንሲ ቁጥር የተፋቀ ነው ተብሎ ይጠረጠራል፤ ያን ጊዜ ጉዳዩ ከፊደል ወጥቶ ወደ ፖሊስ ይሄዳል። የሚነካው ጨርቅና ቲነር ብቻ ነው።

እስከዚያው ገልባጩ ቆሟል። ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች በተከታታይ ተያይዘው 24 ይሰጡታል፤ የባትሪው ማቋረጫ ማብሪያ ካልጠፋ ወይም ኔጌቲቩ ካልተነቀለ ጂፒኤሱ ብቻውን ቀስ እያለ ይጨርሳቸዋል። ባትሪ ከሞተ ሞተር አይነሣም፣ ሞተር ካልተነሣ ንፋስ አይሞላም፣ ንፋስ ከሌለ በስፕሪንግ የሚይዘው የእጅ ፍሬን አይለቅም። ጎትተን እናውጣው ቢባል እንኳ እምቢ ይላል። አንዲት ፊደል ባለ 10 ጎማ መኪና መሬት ላይ ትቸነክራለች።

ዘመዶችዎን ኤስንና ቢን በተመለከተ፦ እነሱ ቁጥሩ ውስጥ ስለሚፈቀዱ ከ5 እና ከ8 በዓይን አይለዩም። ለእነሱ ዘጠነኛው ቦታ አለ፤ ፊደልና ቁጥሩ በየቦታው ዋጋ ተሰጥቶት፣ ተባዝቶ፣ ተደምሮ ለ11 ሲካፈል ቀሪው እዚያ ይጻፋል፤ ቀሪው 10 ከሆነ ኤክስ። ለቻይና መኪና ይሠራል፤ ብዙ የአውሮፓ መኪኖች ላይ ግን ያ ቦታ ለሌላ ሥራ ስለሚውል ሂሳቡ አይመጣም። እርስዎን ለመያዝ ሂሳብም አያስፈልግ። ገንዘብ ከመላኩ በፊት ኢንቮይሱን ከተመታው ብረት ፎቶ ጋር ማስተያየት፣ 17 መቁጠር፣ ኦ ካለች መመለስ፤ አምስት ደቂቃ ነው።

ስለዚህ ከሻንሲ ቁጥራችን ላይ በክብር እንዲነሡልን እንጠይቃለን። ሥራ ፈት እንዳይሆኑ ሞተር ቁጥሩን ይመልከቱ፤ እዚያ ይህ ክልከላ አይሠራም፣ ፋብሪካው ከፈቀደልዎ በሕጋዊ መንገድ ይቀመጣሉ።

ከሰላምታ ጋር
ግቢ የቆመ ገልባጭ ባለንብረቶች

ግልባጭ፦
ለአቶ ዜሮ፣ ወንበራቸውን እንዲጠብቁ
ለወይዘሮ አይ፣ 1 ነኝ ብለው እንዳይመጡ
ለኪው፣ ለጥንቃቄ

ማሳሰቢያ፦ ይህ ደብዳቤ ማኅተም ያልተደረገበት ማኅተሙም ክብ ስለሆነ ነው።