ጊኒ ዎርምን ያዳከመው መድኃኒት አይደለም

«ጊኒ ዎርም ሊጠፋ የተቃረበው መድኃኒት ስለተገኘለት ነው፤ የሕዝብ ተሳትፎ የሚሉት የስብሰባ ማሟሻ ነው» ብለው ለጻፉት ወንድማችን፦ በመጠጥ ውሃ ወደ ሰውነት በሚገባ ትል ለሚመጣው ለዚህ በሽታ ክትባትም ሆነ ፈዋሽ መድኃኒት የለም። እ.ኤ.አ. በ1986 በዓለም ዙሪያ ወደ 3.5 ሚሊዮን ይገመት የነበረው የታማሚ ቁጥር በ2023 ወደ 14 የወረደው ያለ መድኃኒት ነው።

ትሉ ከእግር ቆዳ ሲወጣ እንደ እሳት ያቃጥላል። ታማሚው እግሩን ኩሬ ውስጥ ከነከረ ትሉ እጮቹን እዚያው ይረጫል፤ ያንን ውሃ ሳያጣራ የጠጣ ሰው ከዓመት ገደማ በኋላ ተራው ይደርሰዋል። ሰንሰለቱ የሚበጠሰው ውሃን በጨርቅ በማጥለልና ታማሚን ከኩሬ በማራቅ ነው። ይህን ደግሞ ከዋና ከተማ ሆኖ የሚያስፈጽም ባለሥልጣን የለም፤ ጎረቤት ጎረቤቱን ካልተቆጣጠረ አይሆንም። በእርግጥ ኩሬዎች በኬሚካል ይታከማሉ። ግን የትኛው ኩሬ እንደተበከለ የሚታወቀው ነዋሪው ሲጠቁም ነው።

በጋምቤላ ሥራው ከሰውም አልፏል፤ ትሉ ውሾችንና ዝንጀሮዎችን ስለሚይዝ ባለቤቶች ውሾቻቸውን አስረው እንዲያቆዩ ይጠየቃሉ። ውሻ ማሰር የስብሰባ ማሟሻ ከሆነ እንግዲህ አላውቅም።