ሰርቨሩ አዲስ አበባ ነው፤ ቁልፉስ የት ነው?

ወረፋ ጠብቃችሁ፣ ተራችሁ ደርሶ፣ መስኮቱ ጋ ስትቆሙ «ሲስተም የለም» ተብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ብዙ ጊዜ ተብያለሁ። ድሮ ተናድጄ እመለስ ነበር። አሁን ሥራዬ ሶፍትዌር ስለሆነ ሌላ ጥያቄ ይመጣብኛል። ይሄ የለም የተባለው ሲስተም የሚኖረው የት ነው? እዚሁ ሕንፃ ምድር ቤት? ጎሮ ያለው አይሲቲ ፓርክ? ወይስ ባሕር ማዶ?

ጥያቄው የባለሙያ ወሬ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። በ2016 ዓ.ም የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321፣ አገር ውስጥ የተሰበሰበ የግል ዳታ አገር ውስጥ ባለ ሰርቨር (ዳታ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር) ወይም ዳታ ሴንተር (ብዙ ሰርቨሮች የሚሰበሰቡበት ቦታ) እንዲቀመጥ ያዛል። ወደ ውጭ መላክን ጨርሶ አልዘጋም፤ ተቀባዩ ዘንድ በቂ ጥበቃ መኖሩን የመሰሉ ቅድመ ሁኔታዎች አሉት። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

የአዋጁን መንፈስ እደግፋለሁ። በተለይ ፋይዳን ሳስብ። የአሥር ጣታችን አሻራ፣ የሁለቱ ዓይኖቻችን ምስል፣ የፊታችን ፎቶ፣ ሁሉም አንድ ቋት ውስጥ ገብቷል። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል። አሻራ ቢሰረቅ ምን ይደረጋል? እናቴ ስትመዘገብ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ጣቶቿን ማሽኑ ላይ ስታስቀምጥ የት እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚያየው አልጠየቀችም። አምና ሰጠች። እንዲህ ያለ አደራ የትም ተጥሎ እንዳይገኝ ሕግ መውጣቱ ተገቢ ነው፤ እንዲያውም ዘግይቷል።

እኔን የሚያሳስበኝ ክርክራችን «ሰርቨሩ የት ነው?» የሚለው ላይ ተቸክሎ መቅረቱ ነው። ሰርቨሩ አገር ውስጥ ከገባ ሁሉም ነገር ያለቀለት ይመስለናል።

ራቅ ብለን ሳንሄድ እዚሁ አዲስ አበባ የሆነውን እናስታውስ። እ.ኤ.አ በጥር 2018 ለ ሞንድ የተባለው የፈረንሳይ ጋዜጣ ስለ አፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት አንድ ዘገባ አወጣ። ቻይና በ200 ሚሊዮን ዶላር ገንብታ በስጦታ ያበረከተችው፣ እ.ኤ.አ በ2012 የተመረቀው ያ ረጅም ሕንፃ ማለት ነው። ዘገባው እንደሚለው ለአምስት ዓመት ያህል በየሌሊቱ፣ ከእኩለ ሌሊት እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ የኅብረቱ ዳታ ሻንጋይ ወዳሉ ሰርቨሮች ይገለበጥ ነበር። ቻይና ክሱን አስተባብላለች። ያኔ የኅብረቱ ኮሚሽን ሊቀመንበር የነበሩት ሙሳ ፋኪም ሐሰት ነው ብለዋል። እኔ እዚህ ላይ ፈራጅ መሆን አልፈልግም። ግን ዘገባውን ሳነብ አንድ ነገር ገባኝ። የኅብረቱ ሰርቨሮች አዲስ አበባ ነበሩ። በጥበቃ፣ በአጥር፣ በዲፕሎማሲ ከለላ ውስጥ ነበሩ። ያም ሆኖ ጥያቄው ተነሳ፣ ምክንያቱም ሲስተሙን የዘረጋውና በሩን የሚያውቀው ሌላ ነው። ሰርቨር አገር ውስጥ መኖሩና አገር በሰርቨሩ ላይ ሥልጣን መኖሩ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በተቃራኒው አቅጣጫም እንዲሁ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ በ2018 ባወጣችው ክላውድ አክት በሚባለው ሕግ መሠረት የአሜሪካ ኩባንያ የያዘውን ዳታ ፍርድ ቤት ሲያዘው ያስረክባል፤ ዳታው በየትኛውም አገር ይቀመጥ። ስለዚህ አማዞን ኬፕታውን፣ ማይክሮሶፍት ጆሃንስበርግ ዳታ ሴንተር ስለከፈቱ ዳታችን «አፍሪካ ነው» ብሎ መጽናናት አያዋጣም። ነገ አንዱ ግዙፍ ኩባንያ አዲስ አበባ መጥቶ ቢከፍትም ነገሩ ያው ነው። ፈረንሳዮች ይህን በደንብ ተረድተውታል። እ.ኤ.አ በ2025 የማይክሮሶፍት ፈረንሳይ የሕዝብና የሕግ ጉዳዮች ኃላፊ ሴኔት ፊት ቀርቦ የፈረንሳውያን ዳታ ለአሜሪካ መንግሥት ተላልፎ እንደማይሰጥ ዋስትና መስጠት ትችላለህ ወይ ሲባል፣ አልችልም ነው ያለው።

እና ክላውድን፣ ማለትም በኢንተርኔት የምንከራየውን የሌላ ኩባንያ ሰርቨር፣ እንተወው? በፍጹም። ይህን የምለው ከደረሰብኝ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ለመድኃኒት ቤቶች የስቶክና የሽያጭ ሲስተም እንሠራ ነበር። ሰርቨሩ ቢሯችን ጓሮ ክፍል ውስጥ ነበር። አንድ ማሽን፣ አንድ ዩፒኤስ፣ የሚንኮሻኮሽ ጄኔሬተር። በዚያ ክረምት መብራት እየሄደ እየመጣ ሰነበተና አንድ ማለዳ ገብተን ስናይ ዲስኩ ሞቷል። ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ነበረን። ባክአፑ ግን እዚያው ማሽን ላይ የተሰካ ሌላ ዲስክ ላይ ነበር፤ እሱም አብሮ ሄዷል። የሰባት ወር መዝገብ። አንዷ የመድኃኒት ቤት ባለቤት ስልክ ላይ ዝም ብላ ስታዳምጠኝ ከቆየች በኋላ «አሁን እኔ ከዜሮ ልቁጠር ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ዳታው ከአገር አልወጣም ነበር። ከአንዲት ክፍል እንኳን አልወጣም። ጠፋ ግን።

ትንሽ ድርጅት ስለሆንን ነው እንዳትሉኝ፣ ደቡብ ኮሪያን እዩ። እ.ኤ.አ መስከረም 26 ቀን 2025 ዴጆን ከተማ ያለው የመንግሥት ዳታ ሴንተር ውስጥ የሊቲየም ባትሪ ተቃጠለ። 709 የመንግሥት ሲስተሞች ቆሙ። የመንግሥት ሠራተኞች ሰነዶቻቸውን የሚያስቀምጡበት ጂ-ድራይቭ የተባለ ቋት፣ 858 ቴራባይት ዳታ ይዞ፣ ወደ አመድነት ተለወጠ። ሌላ ቦታ ቅጂ አልነበረውም። በቴክኖሎጂ ከዓለም ቁንጮ የሆነች አገር ናት። የራሷ ዳታ ሴንተር፣ የራሷ መሬት፣ የራሷ ባለሙያ። ሉዓላዊነቷ ምንም አልጎደለበትም፤ ሰነዱ ግን የለም።

አሁን ደግሞ ዩክሬንን አስቡ። የእነሱም ሕግ የመንግሥት ዳታ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክል ነበር። እ.ኤ.አ የካቲት 2022 ሩሲያ ልትወር ሳምንት ሲቀራት ፓርላማቸው ሕጉን አሻሽሎ ዳታው ወደ ክላውድ እንዲወጣ ፈቀደ። ከዚያ በኋላ የመሬት ይዞታው፣ የግብር መዝገቡ፣ የትምህርት ማስረጃው በሻንጣ በሚያህሉ ዲስኮች ጭምር እየተጫነ ወጣ። ዳታ ሴንተሮች በሚሳይል ሲመቱ አገሪቱ አገልግሎት መስጠቷን አላቋረጠችም። ኢስቶኒያ ደግሞ ጦርነት ሳይመጣባት፣ እ.ኤ.አ በ2017፣ ከሉክሰምበርግ ጋር ተፈራርማ «የዳታ ኤምባሲ» ከፈተች። የዋና ዋና መዝገቦቿ ቅጂ እዚያ አለ፤ ቦታው እንደ ኤምባሲ ግቢ ያለመደፈር ከለላ አለው። ሁለቱም አገሮች ሉዓላዊነታቸውን ያስጠበቁት ዳታቸውን ወደ ውጭ በማውጣት ነው።

የእኛ ገበሬ ይህን ድሮ ያውቀዋል። ለዘር የሚሆነውን እህል ከሚበላው ጋር አንድ ጎተራ ውስጥ አይከተውም።

ወደ ራሴ ታሪክ ልመለስ። ዲስኩ ከሞተ በኋላ ወደ ክላውድ ሄድን፤ ከዚያ በኋላ አንድም ቀን መዝገብ አልጠፋብንም። ግን ክላውድ የሚከፈለው በዶላር ነው፣ እኛ ደግሞ የዶላር ካርድ የለንም። ስለዚህ የሚከፍልልን ቨርጂኒያ የሚኖር የአጎቴ ልጅ ነበር። (የሚገርመው የተከራየነው ማሽን ያለው እዚያው ሰሜን ቨርጂኒያ ነው። በዓለም ላይ ከፍተኛው የዳታ ሴንተር ክምችት ያለው እዚያ አካባቢ ነው። የአገራችን ሰው ኡበር የሚነዳበትና የኛ መዝገብ የሚቀመጥበት ሰፈር አንድ ነው።) አንድ ጊዜ ካርዱ ጊዜው አልፎበት ሳይታደስ ቀረ። ማስጠንቀቂያው በኢሜይል ሲመጣ እሱ አላየውም። አገልግሎቱ ለአንድ ቀን ተኩል ቆመ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ያሉ መድኃኒት ቤቶች በወረቀት ሸጡ። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ወጪያችን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ የአንድም ደንበኛ ዋጋ ግን ወዲያው መጨመር አልቻልንም።

መንገዱም ሌላ ጣጣ አለው። ወደብ የለንም፤ ኢንተርኔታችን በጎረቤት አገሮች በኩል አልፎ ነው ባሕር ላይ የሚደርሰው። እ.ኤ.አ በ2024 መጀመሪያ ቀይ ባሕር ላይ የኢንተርኔት ገመዶች ተቆረጡ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ወር ደግሞ የምሥራቅ አፍሪካን የባሕር ጠረፍ የሚያገናኙት ኢሲና ሲኮም የተባሉት ተቆረጡ። ቦሌ ያለ መድኃኒት ቤት ሳሪስ ላለው ቅርንጫፉ መልእክት ለመላክ ውቅያኖስ መሻገር የለበትም። ስለዚህ አገር ውስጥ ዳታ ሴንተር መኖሩ የስሜት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ፍጥነትም ነው፣ በብር መክፈልም ነው። ደግነቱ አሁን ጅምር አለ። አይሲቲ ፓርክ ውስጥ እንደ ራክሲዮና ዊንጉ ያሉ የግል ዳታ ሴንተሮች ተከፍተዋል። ኢትዮ ቴሌኮምም የራሱን ክላውድ ይሸጣል። ኃይሉም አለን፤ ለቢትኮይን ማሽኖች ኤሌክትሪክ ስንሸጥ የኖርን አገር ለራሳችን መዝገብ የሚሆን አናጣም።

እንግዲህ እኔ የምለው ይህ ነው። ሁሉም ዳታ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ሕጉን የሚያስፈጽሙ መመሪያዎችም ሁሉንም በአንድ ዓይን ማየት የለባቸውም። የፋይዳ አሻራ፣ የሕክምና ታሪክ፣ የባንክ ሒሳብ፣ እነዚህ ዋናቸው እዚህ ይቀመጥ፤ በዚህ አልደራደርም። ግን እዚህ ይቀመጥ ብሎ ማቆም ዳታውን ለእሳትና ለጎርፍ አሳልፎ መስጠት ነው። ቢያንስ ሁለት የተለያዩ ከተሞች ውስጥ ይኑር፤ አንድ ቅጂ ደግሞ በኢንክሪፕሽን ተቆልፎ፣ ቁልፉ እኛ እጅ ብቻ ሆኖ፣ ከአገር ውጭ ይቀመጥ። ቁልፉ ከሌለ ያ ቅጂ ለያዘው ኩባንያም፣ ለኩባንያው መንግሥትም ትርጉም የሌለው የቁጥር ክምር ነው። መመሪያው «የት ነው የተቀመጠው?» ብሎ ከሚጠይቀው እኩል «ማን ነው መክፈት የሚችለው?» ብሎ ይጠይቅ።

የመድኃኒት ቤት ስቶክ፣ የካፌ ማዘዣ፣ የትምህርት ቤት የጊዜ ሰሌዳ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ሦስት ልጆች ተሰብስበው ያቋቋሙትን ድርጅት ከትልቅ ባንክ እኩል የራስህን ሰርቨር ግዛ ብሎ ማስገደድ ወደዚያች ጓሮ ክፍል መመለስ ነው። የደንበኛ ስምና ስልክ ካላቸው ያንን ክፍል ብቻ አገር ውስጥ ያስቀምጡ፣ ሌላውን ይተዉላቸው። አገር ውስጥ ያሉት አቅራቢዎችም በጥራትና በዋጋ ይሳቧቸው እንጂ ሕግ ጎትቶ አያምጣላቸው። አማራጭ የሌለው ደንበኛ ሲስተም ሲጠፋ ማንን እንደሚጠይቅ አያውቅም፤ ይህን ከቴሌ ዘመናችን በደንብ እናውቀዋለን።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ ብዙ ጊዜ ተሸፋፍኖ ስለሚታለፍ በግልጽ ልጻፈው። የዳታ ሉዓላዊነት ስንል የመንግሥትን ብቻ ማለታችን ከሆነ ተሳስተናል። አዋጁ ስለ ግል ዳታ ነው፤ ባለቤቱ ሰውዬው ነው፣ ሴትዮዋ ናት። በሰኔ 2012 መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲዘጋ ሰው ከገዛ ፎቶው፣ ከገዛ ሥራው ተለያይቷል። በትግራይ ይህ ዓመታት ፈጅቷል። ሰርቨሩ ደጃፍህ ላይ ሆኖ መንገዱ ከተዘጋብህ ውጭ አገር ካለው በምን ይሻልሃል? ዳታው አገር ውስጥ ሲሰበሰብ የመዝጊያውም የመክፈቻውም እጅ አንድ ይሆናል። ስለዚህ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ማንም ባለሥልጣን የዜጋን ዳታ ማየት እንዳይችል፣ ያየም ካለ ማን መቼ እንዳየ ተመዝግቦ ባለቤቱ መጠየቅ እንዲችል ማድረግ የውጭ ኩባንያን ከመቆጣጠር ያላነሰ ሥራ ነው። ተቆጣጣሪውም ከሚቆጣጠራቸው መሥሪያ ቤቶች ነፃ መሆን አለበት። መንግሥት ትልቁ የዳታ ሰብሳቢ ነው፤ ሕጉ መጀመሪያ እሱን ይሰር።

ባለፈው ሳምንት እናቴ የፋይዳ ካርዷን ከቦርሳዋ አውጥታ «ይሄ ቢጠፋብኝስ?» አለችኝ። ካርዱ ቢጠፋ ሌላ ታወጪያለሽ አልኳት። «አይ፣ እዚያ ያለው» አለች፣ በጣቷ ወደ መስኮቱ፣ ወደ ከተማው እየጠቆመች። ኮሪያን አልነገርኳትም። እነዚያን መመሪያዎች የሚያረቁት ሰዎች ለዚህች ሴትዮ የሚሆን መልስ ይዘው እንዲመጡ እፈልጋለሁ፤ ቅጂው ስንት ቦታ እንዳለ፣ ለመጨረሻ ጊዜ መልሶ መነሳቱ የተሞከረው መቼ እንደሆነ፣ ቁልፉንም ማን እንደያዘ።