ላንዡ ውስጥ የሚበላው ሌላ ነው
ላንዡ በሰሜን ምዕራብ ቻይና ያለች ከተማ ናት። ስለ ኑድሏ የተጻፈውን ጽሑፍ አነበብኩት፤ ጸሐፊው በደቡብ ቻይናዋ ከተማ ጓንግዡ «ላንዡ ላሚየን» (በእጅ የሚሳብ የላንዡ ኑድል) የሚል ሰሌዳ ያለው ምግብ ቤት ገብተው «የላንዡን ኑድል ቀመስኩ» ማለታቸው ልክ አይደለም። ከላንዡ ውጪ ካሉት ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹን የሚሠሩት የጎረቤቱ የቺንግሃይ ክፍለ ሀገር ሰዎች፣ በተለይ የኋሎንግ ወረዳ ተወላጆች ናቸው። ላንዡ ሁለት ዓመት ተምሬያለሁ። የከተማው ሰው «ላሚየን» አይልም፣ «ኒውሮውሚየን» ነው የሚለው፣ የበሬ ሥጋ ኑድል ማለት ነው። ዋናው ሰዓቱም ጠዋት ነው፤ እኔም ክፍል ከመግባቴ በፊት ነበር የምበላው። ከፍለህ ወረቀትህን ይዘህ መስኮቱ ጋ ትቆምና ውፍረቱን ትናገራለህ፦ እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ ጠፍጣፋ፣ ወይም እንደ ቀበቶ የሰፋ። ኑድል የሚሠራው ልጅ ሊጡን እየሳበ ያጥፋል፣ እያጠፈ ይስባል፤ ስምንት ጊዜ ሲያጥፈው አንዱ ሊጥ 256 ክር ይሆናል። ወዲያው ወደ ፈላው ውኃ ይወረውረዋል። ከጽሑፉ ሥር «በእጅ የተሠራ ስፓጌቲ ነው» ብለው አስተያየት ለሰጡት ወንድሜ፦ ስፓጌቲ ከጠንካራ ስንዴ ተሠርቶ በማሽን ቀዳዳ ተገፍቶ የሚደርቅ ነው፤ ይሄ ግን ዓይንህ እያየ ከለስላሳ ሊጥ የሚሳብ ነው፣ እንዳይበጠስም ሊጡ ውስጥ ከበረሃ ተክል አመድ የሚወጣ፣ ዛሬ በፋብሪካ የሚተካ ዱቄት ይገባበታል። እዚያው አሳማ ይኖርበት ይሆን ብላ ለጠየቀችው እህት፦ ምግቡ ሁዪ የሚባሉት የቻይና ሙስሊሞች ነው፣ አሳማ የለበትም። መረቁ ኩልል ያለ፣ ፍጁሉ ነጭ፣ የበርበሬ ዘይቱ ቀይ፣ ድንብላሉና የነጭ ሽንኩርት ቅጠሉ አረንጓዴ፣ ኑድሉ ቢጫ መሆን አለበት፤ መረቁ ደፍርሶ ከመጣ አትብሉት።