እርማት፦ ለጤና ዋጋ መስጠት በትምህርት ብቻ አይመጣም

«ሰዎች ለጤናቸው የማይጠነቀቁት ስለማያውቁ ነው፤ በቂ ትምህርት ከተሰጣቸው ማኅበረሰቡ ይለወጣል» በማለት እርስዎ በጽሑፍዎ ያቀረቡት ሐሳብ የብዙዎች እምነት ቢሆንም፣ ሊታረም ይገባዋል። የእውቀትን አስፈላጊነት አልክድም፤ ሆኖም ሲጋራ ሳንባን እንደሚጎዳ እያወቁ የሚያጨሱ ሰዎች መብዛታቸው ብቻ እውቀት ለብቻው እንደማይበቃ ያሳያል።

ይበልጥ የሚያስተምረን የመጸዳጃ ቤት ጉዳይ ነው። በብዙ የገጠር አካባቢዎች ስለ ንጽሕና እየተሰበከ በድጎማ የተሠሩ መጸዳጃ ቤቶች ጥቅም ላይ ሳይውሉ ቀርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 ገደማ በባንግላዴሽ የተጀመረው በማኅበረሰብ የሚመራ የንጽሕና አሠራር ግን፣ ነዋሪዎቹ በመንደራቸው ተዘዋውረው ሜዳ ላይ የሚጸዳዱባቸውን ቦታዎች ራሳቸው በካርታ እንዲያመለክቱ፣ የአንዱ ቤት ቸልተኝነት ለጎረቤት ልጅ እንዴት እንደሚተርፍ እንዲያስተውሉ፣ ከዚያም መፍትሔውን በጋራ እንዲወስኑ አደረገ። አሠራሩ ኀፍረትን እንደ መሣሪያ በመጠቀሙ ተነቅፏል፤ ነቀፋውም ተገቢ ይመስለኛል። ቢሆንም አንድ ነገር ግልጽ አድርጓል፦ ሰው ልማዱን የሚተወው ጎረቤቶቹም አብረውት እንደሚተዉ ሲያምን ነው፤ ምክንያቱም ግማሹ መንደር ሜዳ ላይ እየተጸዳዳ የአንድ ቤተሰብ ጥንቃቄ ብቻውን ውኃውን ከብክለት አያድነውም።

እ.ኤ.አ. በ1978 ስለ መሠረታዊ የጤና አገልግሎት የወጣው ዓለም አቀፍ የአልማ አታ መግለጫም ሕዝብ የጤና አገልግሎቱን በማቀድና በመተግበር ረገድ በግልም ሆነ በጋራ የመሳተፍ መብትና ግዴታ እንዳለው ይደነግጋል። ስለዚህ በጽሑፍዎ ትምህርት ተቀባይ ብቻ አድርገው ያዩዋቸው ነዋሪዎች በዚህ መግለጫ መሠረት የውሳኔው ባለቤቶች ናቸው።